ፀሐይ የማይስማማው ሕፃን

ሕፃንን በማለዳ ፀሐይ ማሞቅ ለአጥንቱ ጥንካሬ የሚበጅ፣ ከእናቶቻችን የወረስነው ደግ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ እጅግ ጥቂት ለሆኑ ሕፃናት ይኸው ልማድ ጉዳት ስለሚያመጣ፣ የሠራዊታችን ባለትዳሮች ምልክቱን ለይተው እንዲያውቁ ለማሳሰብ እንወዳለን።

ሕመሙ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ይባላል። የቪየናው ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ በ1874 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ጄምስ ክሊቨር ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ምክንያቱን ገልጧል። የፀሐይ ጨረር የሁላችንንም የቆዳ ሕዋስ ይጎዳል፤ ጤነኛው ሕዋስ ግን ጉዳቱን ራሱ ይጠግናል። የእነዚህ ልጆች ሕዋስ የመጠገን ኃይል ስለሚጎድለው፣ ጥበቃ ካልተደረገላቸው ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ሳይሞላቸው የቆዳ ነቀርሳ ይይዛቸዋል። የቆዳ ጥቁረትም አያድናቸውም።

በሞያሌ ብርቱ ፀሐይ፣ ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ ምልክቱን ማስተዋል ይገባል። ሕፃኑ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ሲነካው ቆዳው ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ አንዳንዱም ሳይቃጠል 2 ዓመት ሳይሞላው ፊቱና እጁ በጠቃጠቆ ይሸፈናል፤ ዓይኑም ብርሃን ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ምች መታው» ብሎ በዳማከሴ እያሹ መቆየት ውድ ጊዜን ማባከን ነው።

ሕመሙ እርግማን ወይም የቡዳ ሥራ አይደለም፤ በንክኪም አይተላለፍም። ራሳቸው ጤነኞች ከሆኑ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል አለው። ስለዚህ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን መውቀስ አይገባቸውም።

ሥር ነቀል ፈውስ ባይገኝለትም፣ በጊዜ የታየ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ልጁ ሰፊ ቆብ፣ ጥቅጥቅ ያለ ባለ ረዥም እጅጌ ልብስ፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ስስ ነጠላ ብቻውን አይበቃም። ጨዋታውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን። ፀሐይ ለሚጎድለው አጥንቱ ሐኪም ቫይታሚን ዲ ያዝለታል፤ ቆዳውና ዓይኑም በየጥቂት ወሩ ይመርመር።

ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባም ሆነ እስከ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የማይድን ቁስል ወይም የሚያድግ እብጠት የታየበት ልጅ በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ወደ አለርት ወይም ወደ ኬንያታ ሆስፒታል ሳይዘገይ ይሂድ። አባትየውም ለዚህ ጉዞ ከአዛዡ ፈቃድ ለመጠየቅ አያመንታ።