ዶክተር ከሆንሽ እስቲ ጉልበቴን እይልኝ

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ጓደኛዬ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አክስቷ ከደብረ ማርቆስ መጥተዋል። ልጅቷ ዶክትሬት እየተማረች እንደሆነ ሰምተዋልና ገና ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው «በይ እስቲ ዶክተር፣ ይቺን ጉልበቴን እይልኝ፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነስታኛለች» አሏት።

«እቴቴ፣ እኔ እኮ የሰው ሐኪም አይደለሁም። የማጠናው እንሰት ነው።»

«እንሰት ደግሞ ምን ያመዋል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ልጅቷ ግን ፈገግ ብላ ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች የገባኝ ማታ ልትሸኘኝ ወጥታ ታክሲ ስንጠብቅ ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን የአክስቷን ጥያቄ ልመልስ፤ ምክንያቱም ጥያቄው ከኛ ሳቅ የተሻለ ነው።

እንሰት ያመዋል። በሽታው አጠውልግ ይባላል፤ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል፣ በመጨረሻም ተክሉ ይበሰብሳል። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። በሽታውን በዋናነት የሚያዛምተው ደግሞ የገበሬው የራሱ ቢላዋ ነው፤ የታመመውን የነካ ስለት ጤነኛውን ሲነካ ባክቴሪያውን ያወርሰዋል። ስለዚህ ገበሬው ማድረግ የሚችለው የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ይህን በሽታ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ተገኘ። እንሰትን አልምቶ የሚበላው የዓለም ሕዝብ እኛ ብቻ ነን። 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በቆጮና በቡላ ይኖራል። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንድ እንሰት ሲጠወልግ የጠፋው የአንድ ክረምት ሰብል አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። የምትማረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው (የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ገና አልተመረቀችማ!)። የትምህርቷ ስም ሞለኪውላር ባዮሎጂ ነው። ጥያቄዋን እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ። ማዚያ የሚባል የእንሰት ዝርያ አለ፤ በሽታው ሲይዘው ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ለምን? ባክቴሪያው ሲገባበት ሌሎቹ የማያደርጉትን ምን ያደርጋል? ይህን ለማወቅ ተክሉ በዚያች ሰዓት የትኞቹን ጂኖች እየተጠቀመ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ያንን የሚናገረው አርኤንኤ የሚባለው ነው። አርኤንኤ ደግሞ እንደ ዲኤንኤ ታጋሽ አይደለም፤ ቶሎ ይበላሻል። ቅጠሉ እንደተቆረጠ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እስከሚሠራበት ቀን ድረስ አንዴም መሞቅ የለበትም።

ማቀዝቀዣው ሞቀ።

የስቅለት ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለ፤ ናፍጣ ግን የለውም። በዓል ስለሆነ የላቦራቶሪው ሠራተኛ አገር ቤት ሄዷል። ጥበቃው መብራት መጥፋቱን አይቷል፤ ግን መብራት መጥፋት ብርቅ ነው እንዴ? ለማን ይደውል? ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷ በሩን ስትከፍት ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። የሁለት ዓመት ናሙና ነበር። ከወላይታ ድረስ በእግር፣ በሞተርና በሚኒባስ የሰበሰበችው።

የነገረችኝ እያለቀሰች ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ ነገር ነው የነገረችኝ።

እኔ ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት። በየዓመቱ የምረቃ ሰሞን ምን እንደምንጽፍ አውቃለሁ፦ «ዩኒቨርሲቲው ይህን ያህል ተማሪዎች በሦስተኛ ዲግሪ አስመረቀ»። ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ከበለጠ ርዕስ ይሆናል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል፣ ፕሮግራሙም ተማሪውም በዝቷል። እሰየው! ግን ከመካከላችን አንድ ጋዜጠኛ «ማቀዝቀዣችሁ ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ሠራ?» ብሎ የጠየቀ አለ? እኔ አልጠየቅሁም። ማቀዝቀዣ ዜና እንደሆነ ማን አስተማረኝ!

ማቀዝቀዣው ደግሞ የችግሩ አንድ ጎን ብቻ ነው። ዲኤንኤ ለማባዛት (ፒሲአር የሚባለው ሥራ) ፕራይመርና ኢንዛይም ያስፈልጋል። አውሮፓ ያለ ተማሪ ዛሬ ያዘዘው ፕራይመር በጥቂት ቀናት ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል። ልጅቷ አምስት ወር ጠብቃለች። በመጀመሪያ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አለ። ከዚያ ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ ዕቃውን የሚያመጣው አንድ አስመጪ ብቻ ሲሆን ሦስቱ ፕሮፎርማ ከየት ይምጣ? ዕቃው አገር ከገባ በኋላ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ኢንዛይሙ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ መቆየት ያለበት ነገር ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሆኖ ፊርማ ሲጠብቅ በረዶው አልቆ ይገኛል። ፊርማው ተሟልቶ የሞተ ኢንዛይም ይረከቡሻል።

ታዲያ ተማሪዎቹ ምን ያደርጋሉ? ሳንድዊች። ስሙ ራሱ ሳንድዊች ነው። ትምህርቱን እዚህ ትጀምሪያለሽ፣ መሐል ላይ ናሙናሽን ይዘሽ ስዊድን ወይ ጀርመን ወይ ሌላ አገር ትሄጃለሽ፣ የላቦራቶሪውን ሥራ እዚያ ትጨርሻለሽ፣ ተመልሰሽ እዚህ ትመረቂያለሽ። ዳቦው የኛ፣ ሥጋው የነሱ!

አትሳሳቱኝ፣ ውጭ ሄዶ መማር መጥፎ ነው አላልኩም። ልጅቷም ሄዳለች፣ ተምራለች፣ ተመልሳለች (አዎ፣ የሚመለሱም አሉ)። የኔ ጭቅጭቅ ሌላ ነው። እዚያ የለመደችውን መሣሪያ እዚህ አታገኘውም። ናሙናው ይሄዳል፣ ዕውቀቱ የሚደረጀው ግን መሣሪያው ባለበት ነው። የእንሰት ረቂቅ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም ያወጡት እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ምስጋና ይድረሳቸው፤ ልጅቷም በየቀኑ ትጠቀምበታለች። ቢሆንም ቆጮ በልቶ ያደገ ልጅ እዚሁ ሊሠራው የሚችልበት ዕድል ቢኖር እመርጥ ነበር።

«አገር ስንት ችግር እያለባት አሁን የጂን ነገር ቅንጦት አይደለም?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ባለፈው አንድ የሥራ ባልደረባዬም ይህንኑ ነው ያለኝ። እስቲ እንግዲህ ወደ አክስቷ ጉልበት እንመለስ።

ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ፤ በአንዳንድ የሳል ሽሮፕም ውስጥ ይገባል። የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ለዋጩ ኢንዛይም ሲዋይፒ-ቱዲሲክስ ይባላል። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ አለው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ኮዴይኑን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለሱ ሊበዛበት ይችላል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ያለው በ2017 ነው። እንግዲህ የጉልበት ሕመም ማስታገሻ ስንት ሚሊግራም ይሁን የሚለው የኛም የጂን ጥያቄ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ደግሞ እኛን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ኮሮናንስ ረሳችሁት? እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ በተጠረጠሩ ሰዎች የተወሰደው ናሙና መጀመሪያ የተላከው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አገር ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ፒሲአር መሥራት የሚችል ሰው እንደ ወርቅ ተፈለገ። እነዚያ ሰዎች ከሰማይ አልወረዱም። «ቅንጦት» በሚባለው ትምህርት፣ ኢንዛይም በሚጠብቁባቸው ወራት ውስጥ ያለፉ ናቸው።

እኔ የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ ሕንፃማ ሞልቷል። በበረዶ የሚመጣ የምርምር ዕቃ በዚያው ቀን ተፈርሞ ይውጣ። ለከተማው ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ የሚሆን፣ ሌት ተቀን ሰው የሚጠብቀው አንድ የጋራ የማቀዝቀዣ ክፍል ይኑር። ጥበቃው ጋ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የመጨረሻው እንኳ የሚያስፈልገው ወረቀትና ማስቲሽ ነው!

የአራት ዓመቱ ትምህርት አሁን ስድስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውዬላት ነበር፤ ናሙናዋን እንደገና ልትሰበስብ ወደ ወላይታ ለመውጣት እየተዘጋጀች ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ተገኝቷል። አክስቷን ክሊኒክ ወስዳቸዋለች፤ ደህና ናቸው። ከደመወዟ ቀንሳ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ናፍጣ ገዝታ፣ በማርከር ስሟንና ስልኳን ጽፋበት ጥበቃው ቤት አስቀምጣለች። «ለአዲስ ዓመት በዓል» አለችኝ።

ቸር ሰንብቱ!