የሠራተኞቹ ሜዳ



ዛሬ በሰሜን እንግሊዝ ስለሚወደድ አንድ ጨዋታ እናወራለን። ስሙ ቦውልስ ነው። የኳስ ጨዋታ ነው፤ ኳሱ ግን በእግር አይመታም፣ ወደ ላይም አይወረወርም። በእጅ ተይዞ በሣር ላይ ይንከባለላል። በሩቁ ሲያዩት የሽማግሌዎች ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለን። ታሪኩን ስናነብ ግን የመሬት ነገር ሆኖ አገኘነው፤ ለዚህ ነው ለእናንተ ልንነግራችሁ የወደድነው። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ አስቀድመን ሜዳውን እንይ። ሜዳው አራት ማዕዘን ነው። አንዱ ጎኑ ብዙ ጊዜ 40 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዳር በዳሩ ቦይ አለ። መሐሉ ከዳሩ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከአንድ ስንዝር እስከ አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ሰፌድ ገልብጣችሁ መሬት ላይ ብታስቀምጡ መልኩን ታገኙታላችሁ። ይኸ ከፍ ያለው መሐል በእንግሊዝኛ ክራውን ይባላል፤ ዘውድ ማለት ነው። ጨዋታውም ስሙን ከዚያ ወስዶ ክራውን ግሪን ቦውልስ ተባለ። ግሪን ማለት አረንጓዴ ሜዳ ነው።

በደቡብ እንግሊዝና በስኮትላንድ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ጨዋታ እንደ እርሻ እልፍ በተከፋፈለ መስመር ውስጥ ብቻ ይካሄዳል። በላንክሻየር፣ በዮርክሻየር፣ በቼሻየርና በአካባቢያቸው ባለው የክራውን ሜዳ ግን መስመር የሚባል ነገር የለም። ተጫዋቹ ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ያንከባልላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ጨዋታ ስለሚካሄድ የአንዱ ኳስ በሌላው ጨዋታ መሐል አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ጩኸት፣ ሳቅና «ቁም! ቁም!» ማለት አይጠፋም።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ይገጥማሉ። እያንዳንዱ 2 ኳስ ይይዛል። መጀመሪያ አንደኛው ጃክ የምትባለውን ትንሽ ኳስ ደስ ወዳለው ቦታ ያንከባልላል። ከዚያ ሁለቱም ተራ በተራ ኳሶቻቸውን ወደ ጃክ ይልካሉ። ኳሱ ይበልጥ የቀረበለት 1 ነጥብ ያገኛል። ሁለቱም ኳሶቹ ከባላጋራው ኳሶች ይልቅ ከቀረቡ 2 ነጥብ ያገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ 21 የሞላ ያሸንፋል።

ቀላል መሰላችሁ አይደል? ኳሶቹ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን እንዲያደሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ እየታጠፉ ነው የሚሄዱት። ጃክም ራሷ ታደላለች። ሜዳው ደግሞ ጎባጣ ነው። እንግዲህ ጠማማ ኳስ በጎባጣ ሜዳ ላይ ማስኬድ ነው! ጉልበት እዚህ ብዙ አይረዳም። የትኛው ጥግ እንደሚያዘነብል፣ ሣሩ ሲረጥብ ኳሱ ምን ያህል እንደሚዘገይ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የ20 ዓመት ጎልማሳ ሜዳውን በሚያውቅ የ70 ዓመት አዛውንት ሲሸነፍ ማንም አይደነቅም። ቀድሞ ኳሶቹ የሚሠሩት ከካሪቢያን ደሴቶችና ከደቡብ አሜሪካ ከሚመጣ እንጨት ነበር። እንጨቱ በጣም ከባድ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ይሰጥማል እንጂ አይንሳፈፍም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ። በ1541 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ የእጅ ሙያ ሠራተኛ፣ ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛ፣ አሽከር፣ ዓሣ አጥማጅና መርከበኛ ቦውልስ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ምክንያቱ ምን ነበር? መንግሥት ሕዝቡ ለጦርነት ቀስት መወርወር እንዲለማመድ ይፈልግ ነበር። ቀስት ሠሪዎችም ገበያችን ቀዘቀዘ ብለው አቤቱታ አቅርበው ነበር። ሠራተኛው የተፈቀደለት በገና በዓል ሰሞን ብቻ ነው፤ ያውም በጌታው ቤት ወይም ጌታው ባለበት። እኛ አገር በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባል የለ? እዚያም ያው ነበር። ልዩነቱ የእነርሱ በሕግ ተጽፎ መቀመጡ ነው።

ቅጣቱ 20 ሽልንግ ነበር። እስቲ እናስላው። በዚያ ዘመን 1 ሽልንግ 12 ፔኒ ነው። 20 ሽልንግ እንግዲህ 240 ፔኒ ይሆናል። የቀን ሠራተኛ በቀን 4 ፔኒ ያህል ያገኝ ነበር። 240ን ለ4 ብናካፍል 60 ይመጣል። አንድ ኳስ ላንከባለለበት የ60 ቀን ደመወዙን ይከፍላል ማለት ነው! ከመሬቱ በዓመት 100 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሰው ግን በራሱ ግቢ ጨዋታውን የመፍቀድ መብት ነበረው። 1 ፓውንድ 240 ፔኒ ነው። የቀን ሠራተኛው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ የሚያገኘው 5 ፓውንድ ነው። ስለዚህ የመፍቀድ መብት ያለው ሰው ገቢ የዚያን ሠራተኛ ገቢ ቢያንስ 20 እጥፍ ነበር። ሕጉ በየቦታው እኩል ባይከበርም በመጽሐፍ ላይ 300 ዓመት ኖረ። በቦውልስ ላይ የተጣለው ክልከላ የተነሣው በ1845 ነው።

ሕግ መነሣቱ ብቻውን ሜዳ አያመጣም። ሣሩን ማን ይጨደው? ቀድሞ በማጭድ ነበር፤ ያ ደግሞ ብዙ አሽከር ይፈልጋል። በ1830 ኤድዊን በዲንግ የሚባል የግሎስተርሻየር ሰው የሣር ማጨጃ መኪና ፈጠረ። ሐሳቡን ያገኘው በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅ ፀጉር ከሚያስተካክል መኪና ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው መኪናውን እየገፋ ሜዳውን ማስተካከል ቻለ። ጊዜስ ከየት ይምጣ? በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠሩ ደነገገ። እነርሱ ከወጡ መኪናው ይቆማል፤ መኪናው ከቆመ ወንዶቹም ይወጣሉ። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ተገኘ።

ቦታውን የሰጡት በመጀመሪያ ባለመጠጥ ቤቶች ናቸው። በጓሯቸው ሜዳ አበጁ። ተጫዋች ይመጣል፣ ይጠማል፣ ቢራ ይገዛል። ለጽድቅ ብለው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ብላክፑል በሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ደግሞ ነገሩ ከፍ አለ። ባቡር ወደ ከተማው የገባው በ1846 ነው። የላንክሻየር ፋብሪካዎች በበጋ በየተራ ለአንድ ሳምንት ሲዘጉ ሠራተኛው በባቡር ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። በታልቦት ሆቴል ሜዳ ከ1873 ጀምሮ ትልቅ ውድድር ይካሄድ ጀመር። በ1907 ደግሞ በዋተርሉ ሆቴል ሜዳ ሌላ ውድድር ተጀመረ። በሜዳው ዙሪያ ለተመልካች መቀመጫ ተሠራለት። የዋተርሉ ውድድር ከ100 ዓመት በላይ ዘልቋል። ብራያን ደንከን የሚባለው ዝነኛ ተጫዋች 5 ጊዜ አሸንፎበታል። በዚያው በ1907 የክራውን ግሪን ተጫዋቾች የብሪታንያ ማኅበር ተቋቋመ። በገንዘብ የሚጫወቱ፣ ተመልካቹም የሚወራረድባቸው ተጫዋቾችም ነበሩ፤ እነርሱ እስከ 41 ነጥብ ነው የሚጫወቱት። ውርርዱን እኛ አንወደውም። ሆኖም የታሪኩ ክፍል ስለሆነ አልደበቅናችሁም።

ከዚህ በኋላ በየመንደሩ ክበብ በዛ። ክበቡን ከእድራችን ጋር ብናመሳስለው ብዙም አንሳሳትም። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። አባላት መዋጮ ያዋጣሉ። ስብሰባ ሲደረግ ቃለ ጉባዔ ይጻፋል። ከሁሉ የሚከበረው ግን ሣር ጠባቂው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርሱ ያጭዳል፣ ያጠጣል፣ በብርዱ ወራት መሬቱን እየበሳ አየር ያስገባል፣ የሣሳውን ይተክላል። በጣም የሚፈለገው ሣር በሰሜን ምዕራብ ባሕር ዳር፣ የባሕር ውኃ እየመጣ በሚያጥበው ረግረግ ላይ የሚበቅለው ደቃቅ ሣር ነው። እየተቆረጠ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሴቶችን በሚመለከት ግን የክበቦቹ ታሪክ የሚያስመሰግን አይደለም። በብዙ ቦታ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ሻይ እንዲያፈሉ እንጂ ከወንዶቹ ጋር እንዲገጥሙ አይፈለግም ነበር።

በከሰል ማዕድን መንደሮች ሜዳው በሌላ መንገድ ተገኘ። በ1920 የወጣ ሕግ ባለማዕድኖቹ ከሚወጣው ከሰል በያንዳንዱ ቶን 1 ፔኒ ለሠራተኞች ደኅንነት እንዲከፍሉ አዘዘ። 240 ቶን ሲወጣ 1 ፓውንድ ይጠራቀማል። በዚህ ገንዘብ አዳራሽ፣ መታጠቢያ ቤት፣ የመጫወቻ ሜዳ ተሠራ። ከነዚህም ውስጥ የቦውልስ ሜዳዎች ነበሩ። እነዚህ ሜዳዎች ከመጠጥ ቤት ሜዳ በአንድ ነገር ይለያሉ፤ የቆሙት ለሠራተኛው ጥቅም ነው እንጂ ለነጋዴ ትርፍ አይደለም።

ልዩነቱ በኋላ ጎልቶ ታየ። ቢራ ጠጪው ሲቀንስ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት የጓሮውን ሜዳ አየና አሰላ። ሣር ወጪ ነው፤ መሬት ግን ገንዘብ ነው። ብዙ ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ሆነ፤ ብዙ ሜዳ ቤት ተሠራበት። የብላክፑሉ ታልቦት እንኳ ሆቴሉም ሜዳውም ጠፍቷል። አባላቱ ለስንት ዓመት ያጠጡት፣ ያጨዱት ሣር የእነርሱ አልነበረም። በእጃቸው የነበረው ኳሱና ቃለ ጉባዔው ብቻ ነው። በአንጻሩ ማዕድኖቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ የመጨረሻውም ጥልቅ ማዕድን፣ የዮርክሻየሩ ኬሊንግሊ፣ በ2015 ሲዘጋ፣ ከሰሉ ያለቀባቸው አንዳንድ መንደሮች ሜዳቸውን ይዘው ቀርተዋል።

በ2011 በእንግሊዝ አንድ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የአካባቢው ሰዎች አንድን ቦታ ለኑሯችን ይጠቅማል ብለው በከተማው ምክር ቤት ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። ባለቤቱ ሊሸጠው ሲፈልግ ማስታወቅ አለበት። ሕጉ ሲወጣ በደነገገው መሠረት ሰዎቹ እንገዛለን ካሉ ገንዘብ እንዲሰበስቡ እስከ 6 ወር ይጠበቅ ነበር። የቦውልስ ሜዳዎችም በዚህ ተመዝግበዋል። ሕጉ ሲወጣ ግን ባለቤቱ ለእነርሱ እንዲሸጥ አላስገደደውም። 6 ወሩ ካለፈ ለፈለገው መሸጥ ይችል ነበር። በየከተማው ቦውሊንግ ግሪን የሚል ስም ያላቸው መንገዶች አሉ። ከነዚህ በአንዳንዶቹ ዛሬ ግራና ቀኙ ቤት ነው።