የሚነበበውን መጽሐፍ ሥዕል ነው ለሚሉ የተሰጠ መልስ

የማናቸውም ነገር ስም ግብሩን ይከተላል። ማረሻ በወርቅ ቢለበጥም እስካረሰ ድረስ ማረሻ ነው፤ ካላረሰም ወርቁ አያርስለትም። ይህን ምሳሌ ያስቀደምነው ስለ አንድ የድርሰት ክርክር ለመናገር ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ገጹን በልዩ ልዩ መልክ የሚያሰናዱ፥ ቃላቱን የሚበትኑ፥ ወረቀቱንም የሚበሱ የልብ ወለድ ደራሲዎች አሉ፤ ሥራቸውም የሙከራ ልብ ወለድ ይባላል። ከአድናቂዎቻቸው አንዳንዶቹ፥ «እነዚህ የሚታዩ ሥዕሎች እንጂ የሚነበቡ ድርሰቶች ስላልሆኑ በድርሰት ሚዛን አትመዝኗቸው» ይላሉ። ነቃፊዎቻቸውም ይህንኑ ቃል ተቀብለው፥ «እንግዲያውስ ከድርሰት ወገን ይውጡ» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች በአንድ መንገድ ስተዋል፤ ስሕተታቸውንም ከዚህ ቀጥለን እንገልጣለን።

አስቀድሞ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ይታወቅ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበረው ሎረንስ ስተርን «ትሪስትራም ሻንዲ» የተባለውን መጽሐፉን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1759 እስከ 1767 በ9 ቅጽ አሳተመ። በመጀመሪያው ቅጽ ዮሪክ የተባለው ቄስ ሲሞት አንዱ ቅጠል በፊትም በኋላም በጥቁር ቀለም ተሞልቶ ይገኛል። ይህን ቅጠል ገንጥሎ በግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ምን ያያል? ቀለም ብቻ ያያል። የቄሱን ቀልድና መከራ እያነበበ የመጣ ሰው ግን በዚያ ገጽ ላይ ኀዘን ያነባል። እንግዲህ ጥቁረቱን ኀዘን ያደረገው ከፊቱ የነበረው ቃል ነው።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ ስቴፋን ማላርሜም በ1897 ባወጣው ረጅም ግጥም፥ አንዱን ቃል አግዝፎ ሌላውን አሳንሶ፥ ሁሉንም በባዶ ወረቀት መካከል በትኖ ጻፈ። ገጽን እንደ ሥዕል የሚያዩ ሰዎች እርሱን ምስክር አድርገው ይጠሩታል። እርሱ ራሱ ግን በመቅድሙ፥ ድምፁን አሰምቶ ለሚያነብ ሰው ጽሑፉ እንደ ዜማ ጽሕፈት እንደሚሆንለት ተናግሯል። ይህ ነገር ለድጓ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በመስመሩ ላይ የተጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች ለዐይን ይታያሉ፤ የተጻፉት ግን ለጕሮሮ ነው። በቀይ ቀለም የሚጻፈው ቅዱስ ስምም ቀይ በመሆኑ ከመነበብ አልቀረም። ዐይን የንባብ በር ነው እንጂ የንባብ ጠላት አይደለም።

«እነዚህ መጻሕፍት ወደ ሌላ ቋንቋ አይመለሱም፤ ስለዚህ ዕቃ ናቸው» የሚል ክርክርም ይቀርባል። ቅኔስ? ኅብሩ በግእዙ ቃል ድርብ ትርጓሜ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ ሲተረጐም ሰሙ ይሻገራል፤ ወርቁ ከወንዙ ማዶ ይቀራል። ሆኖም ቅኔን ሥዕል ነው ያለ ማንም የለም።

አሁን ደግሞ ሦስት መጻሕፍት በሚዛን ላይ እናስቀምጥ። እንግሊዛዊው ቢ. ኤስ. ጆንሰን በ1969 ያልተጠረዙ 27 ክፍሎችን በሣጥን አድርጎ አወጣ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተለይተው ይታወቃሉ፤ የቀሩትን 25ቱን አንባቢ እንደ ደረሰው ያነባል። ታሪኩ የኳስ ጨዋታ ሊዘግብ ወደ አንድ ከተማ የሄደ ሰው፥ በካንሰር የሞተ ወዳጁን የሚያስታውስበት ነው። የሙታን ትዝታ ተራ ጠብቆ እንደማይመጣ ኀዘን የደረሰበት ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ሰም ቢሆን በውስጡ ወርቅ አለው።

አሜሪካዊው ጆናታን ሳፍራን ፎር በ2010 ያሳተመው «ትሪ ኦቭ ኮድስ» ከብሩኖ ሹልትዝ መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ትርጕም ቃላት ተቈርጠው ወጥተው፥ በቀሩት ቃላት ሌላ ታሪክ የተሠራበት ነው። ሹልትዝ በ1942 በድሮሆቢች ከተማ በናዚ ጥይት የተገደለ የፖላንድ አይሁዳዊ ነው፤ ከጽሑፎቹም ጥቂት የማይባሉት ጠፍተዋል። ይህን የማያውቅ ተመልካች ወንፊት የመሰለ ወረቀት አይቶ ያልፋል፤ አንባቢው ግን በቀዳዳው ውስጥ የጠፋውን ሰው ይፈልጋል።

ፈረንሳዊው ማርክ ሳፖርታ ግን በ1962 ቍጥር የሌላቸው ነጠላ ቅጠሎች አውጥቶ፥ «እንደ ካርታ በውዛችሁ አንብቡ፤ የባለ ታሪኩም ዕድል በቅደም ተከተሉ ይወሰናል» የሚል አሳብ አቀረበ። ቅጠሉ ቢበወዝም በላዩ የታተመው ቃል አይለወጥም፤ አዲሱን ትርጓሜ የሚያመጣው የደራሲው ልቡና ሳይሆን የእጅ አጋጣሚ ነው። ዕጣ ደግሞ ቅኔ አይዘርፍም። የጆንሰን መበታተን ስለ ኀዘን ይናገራል፤ የሳፖርታ መበወዝ ስለ መበወዝ ብቻ ይናገራል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱን አመስግነን አንዱን ለመንቀፍ የቻልነው ሦስቱንም እንደ መጽሐፍ ስለ መዘንናቸው ነው። ሥዕል ናቸው ብለን ቢሆን ኖሮ፥ ሦስቱም በአንድነት «ያምራሉ» ተብለው ባለፉ ነበር። እንግዲህ ይህ ስም ለመልካሙ ደራሲ ስድብ፥ ለሰነፉ መሸሸጊያ ነው። ለሠዓሊም ክብር አይሆነውም፤ ሥዕል የራሱ ሕግና የራሱ ድካም ያለው ጥበብ ነው እንጂ፥ ከድርሰት የወደቀ ሁሉ የሚጠጋበት ደጅ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በአንባቢ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ነው። መጽሐፍ በመስታወት ሣጥን ሲገባ አንድ ገጽ ብቻ ተከፍቶ ይታያል፤ የቀሩት ገጾች ዝም ይላሉ፤ ተመልካቹም ሳያነብ ያነበበ ይመስለዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ እንግዳ መልክ ያለው መጽሐፍ በእጅህ ቢገባ፥ በመልኩ ተደንቀህ አትዝጋው፤ በመልኩም ተቈጥተህ አትጣለው። ቃሉን አንብብና መልኩ ለቃሉ ምን እንዳደረገለት ጠይቅ። ያገለገለው ከሆነ ደራሲውን አመስግን፤ ካላገለገለው ግን ጕድለቱን በስሙ ጥራው፤ ሥዕል ነው ብለህ አትሸፍንለት።