የመቐለን ማታ ማን ወሰደው?

በተመልካች

ልጇ አምሽታ የምትገባ የመቐለ እናት ስልኳን ከጆሮዋ አታወርድም። «የት ደረስሽ?» «ባጃጅ ይዣለሁ፣ እማዬ።» «ሹፌሩን ታውቂዋለሽ?» «አውቀዋለሁ፤ የሰፈራችን ልጅ ነው።» በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ጥሪው አይቋረጥም።

ይህች ከተማ እንዲህ አልነበረችም። አዲስ አበባ ላይ ኪሱን እየዳበሰ የሚሄድ ሰው መቐለ ሲገባ እጁን ያወርድ ነበር። ከሮማናት አደባባይ ወደ ሓወልቲ በእግሩ የሚንሸራሸር፣ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ የሚያወጋ፣ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ጓደኛውን የሚጠብቅ ሰው ከምሽቱ አራት ሰዓትም አይታጣም ነበር። አሁን ባለሱቁ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ለኪዳን በሌሊት የሚነሱ አሮጊት ጎረቤት ካልተከተላቸው ከግቢ አይወጡም። የተነጠቀ ስልክና ቦርሳ ቢያንስ ይመዘገባል፤ የተነጠቀውን ማታ ግን ማን ይመዘግበዋል?

ፍርሃቱ ከወሬ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2015 ክረምት መቐለ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ቤቷ ስትመለስ የነበረች ሴት ተገደለች፤ ሴቶችም ፍትሕ ይሰጠን ብለው ጮኹ። ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2016፣ ዓድዋ ላይ የ16 ዓመት ልጅ ታገተች። አጋቾቿ 3 ሚሊዮን ብር ጠየቁ። በሰኔ አስከሬኗ ተገኘ። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሕግ የት ነበር?

ለዚህ መልስ የሚፈልግ ሰው ወደ ትግራይ ጦርነት፣ ወደ ኅዳር 2013 መመለስ አለበት። የፌዴራል ጦር ኅዳር 19 ቀን መቐለ ሲገባ የክልሉ አስተዳደር ወጥቶ፣ ፖሊሱ ተበትኖ ነበር። ጣቢያ ተዘረፈ፣ ታራሚ ከማረሚያ ቤት ወጣ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በየካቲት ባወጣው መግለጫ በሁለት ወር ውስጥ 108 የአስገድዶ መድፈር ጥቃቶች ሪፖርት መደረጋቸውን ገልጿል፤ ግማሽ ያህሉ የደረሱት መቐለ ላይ ነበር። ተጠቂዎቹ አቤት የሚሉበት ፖሊስ እንዳልነበረም ያው መግለጫ ተናግሯል። በዚያ ሰሞን ዓይኑን የገለጠ ልጅ ምን ተማረ? ሰው በድሎ ምንም ሳይሆኑ መቅረት እንደሚቻል ተማረ።

ሌላ የሚማርበትም ቦታ አልነበረው። በኮቪድ ምክንያት በመጋቢት 2012 የተዘጋው ክፍል ለአብዛኛው የትግራይ ተማሪ የተከፈተው በ2015 ነው። የ13 ዓመት ልጅ ደብተሩን አጥፎ 16 ሲሞላው መልሶ ገለጠው፤ ያውም ካልዘመተ፣ ካልቆሰለ፣ በደላላ እጅ ወደ የመን ወይም ወደ ሊቢያ ካልተሻገረ። ክፍሉ ሲከፈትም ብዙ ቦታ ተፈናቃይ ሰፍሮበት ነበር። አባትየው ባንክ ተዘግቶበት፣ ደመወዝ ከወር ወር ተቋርጦበት ከርሟል። መሣሪያው ግን አልጠፋም፤ ጦርነቱ በየቤቱ ጥሎት ሄዷል።

እዚህ ላይ ጣት ወደ ቀድሞ ታጋዮች መቀሰር ይቀናናል። እኔ አልቀስርም። በኅዳር 2017 በተጀመረው የመጀመሪያ ዙር 75 ሺህ ታጋዮችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ታቅዶ ነበር፤ አብዛኛው ታጋይ የሚፈልገው ሥራና እረፍት ነው። በጨለማ መንገድ ዳር የሚጠብቁት ማጅራት መቺዎች ደግሞ ከነጭራሹ ጠመንጃ ይዘው የማያውቁ ጎረምሶች ሊሆኑ ይችላሉ።

«ታዲያ እንደ ኤል ሳልቫዶሩ ፕሬዚዳንት ቡከሌ ሁሉንም ሰብስቦ ማጎር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የዚያች አገር ታሪክ ከኛው ጋር መመሳሰሉ ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 ከቆየው የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ልጆች ሎስ አንጀለስ ላይ በቡድን ተደራጁ። አሜሪካ መልሳ ስታባርራቸው የጠበቃቸው ፖሊሱን ገና «ሀ» ብሎ የሚያቋቁም አገር ነበር። ቡከሌ ከመጋቢት 2014 ጀምሮ ሰዎችን በአሥር ሺዎች አሰረ፤ ግድያም ቀነሰ። ስንቱ ንጹሕ አብሮ እንደገባ ግን እስካሁን ያከራክራል። ማፈሱን እኛም እናውቀዋለን። በ1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ዋስትና ይከለክል ነበር፤ በ1997ቱ ምርጫ ማግስት አዲስ አበባ ላይ የታፈሰ ብዙ ወጣት የተጠረጠረው በዚሁ ስም ነው። ሌባው ግን ከአዲስ አበባ አልጠፋም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከጎረምሳው ጀርባ ያለው ሰው ነው። ማታ የተነጠቀ ስልክ ጠዋት ፍላሽ ተደርጎ ለሽያጭ ይቀርባል። ነጣቂው ልጅ የሚደርሰው ጥቂት ብር ነው፤ ትርፉ ንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለሚሸጠው ነው። አጋችም ብቻውን አይሠራም። የእገሌ ልጅ በስንት ሰዓት ከትምህርት እንደምትወጣ፣ አጎቷ አሜሪካ እንዳለ የሚነግረው ሰው፣ የሚደበቅበት ቤት የሚያከራየው ሰው አለ። አፈሳ እነዚህን አያገኛቸውም፤ ቤታቸው ተኝተዋል።

ከእነሱ በላይም አለ። ጌታቸው ረዳ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሳሉ ስለ ወርቅና ስለ ቁርጥራጭ ብረት ሕገ ወጥ ንግድ፣ በውስጡም እጃቸው አለበት ስላሏቸው የጦር ኃላፊዎች በአደባባይ ተናግረዋል። ተቀናቃኞቻቸው ደግሞ እሳቸውን በሌላ በሌላ ከሰሷቸው። ማን ልክ እንደሆነ የሚለይ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ጉዳዩ በፖለቲካው ተዋጠ። የመንደር ጎረምሳ ይህን በሬዲዮ እየሰማ ነው የሚያድገው። በ2017 ደግሞ መቐለ ሁለት ከንቲባ ነበራት፤ አንዱን የከተማው ምክር ቤት መረጠ፣ ሌላውን ጊዜያዊ አስተዳደሩ ሾመ። በመጋቢት የአንደኛው ወገን ሰዎች ማዘጋጃ ቤቱንና ኤፍኤም መቐለን ያዙ። ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ አቤቱታውን በየትኛው ማኅተም ያስመታ?

ስለዚህ ከክልሉ አስተዳደር የምጠብቀው ሌላ ዘመቻ አይደለም። ለፖሊሱ ደመወዝ በወቅቱ ይከፈል፤ ለመኪናው ነዳጅ ይሞላ። የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ የተያዘ ነጋዴ ፈቃዱ ይሰረዝ። ማስለቀቂያ የተጠየቀበት ስልክ የት እንዳለ ኢትዮ ቴሌኮምና ፖሊስ በዚያው ቀን ይነጋገሩ። እያንዳንዱ ክፍለ ከተማ በወሩ ስንት አቤቱታ እንደተቀበለ፣ ስንቱን ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንዳደረሰ በኤፍኤም መቐለ ይነበብ። ጣቢያው በማን እጅ ቢሆን ግድ የለንም፤ ቁጥሩ ይነበብ።