ጠለቅሁ ለሚሉ ገጣሚያን

በዘመናችን የማይጠልቅ ገጣሚ የለም። አንዱ በፍቅር ባሕር ይጠልቃል፤ ሌላው በሐዘን ውቅያኖስ። እኔም ባሕር ከማይታይበት ከቆቦ፣ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ስንኝ ቋጥሬአለሁና ፍርዱ ከራሴ ይጀምር።

ለመሆኑ መጥለቅ ምንድን ነው? ከማርሴይ አጠገብ፣ በሜዲትራኒያን ገደል ሥር የኮስኬ ዋሻ አለ። አፉ ከባሕር ጠለል 37 ሜትር በታች ነው፤ ከዚያ ወዲያ 175 ሜትር ያህል በውኃ የተሞላ ጨለማ። ጠላቂው አንሪ ኮስኬ እ.ኤ.አ. በ1985 ደረሰበት፤ ከ20 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው የሰው እጅ አሻራ በግድግዳው ላይ ነበር። በ1991 ሦስት ጠላቂዎች እዚያው መተላለፊያ ውስጥ ቀሩ። የዋሻ ጠላቂ ከመግቢያው ጀምሮ ገመድ ይዘረጋል፤ አየሩንም ሦስት ላይ ይከፍላል፦ ሲሶው መግቢያ፣ ሲሶው መመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን።

የእኛስ ጠላቂ ገመዱ የታለ? ስንት ሜትር ወረደ? ምንስ አይቶ ወጣ?

«ባሕር ሳላይ ስለ ምን ልጻፍ?» የምትለኝ ወዳጄ፣ የራያ ውኃ ከእግርህ ሥር ነው። የጉድጓድ ቆፋሪው እያንዳንዷን ሜትር፣ አሸዋውንም ጠጠሩንም፣ በደብተሩ ይመዘግባል። እስኪ ስለ እርሱ የጻፍኸውን አንድ ስንኝ አሳየኝ!