ጤናችን፦ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ

በሐኪም ቤት ከኦፕራሲዮን በፊት ለበሽተኛው አንድ ወረቀት ይቀርብለታል። የስምምነት ወረቀት ይባላል። የተማረ ይፈርማል። ያልተማረ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። ታዲያ በምን ነገር እንደተስማማ ያውቃል ወይ? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ አገር የሆነውን እንመልከት። በአላባማ ክፍለ አገር፣ በተስኪጊ ከተማ አካባቢ ብዙ ድሀ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። የሚያርሱት የሰው መሬት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 የመንግሥት ሐኪሞች መጡ። 600 ያህል ወንዶች መዘገቡ። ከእነዚህ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ሐኪሞቹ ግን የበሽታውን ስም አልነገሯቸውም። «ደማችሁ ተበላሽቷል፣ እናክማችኋለን» አሏቸው። ነጻ ምግብ ሰጧቸው። «የቀብራችሁንም ወጪ እንችላለን» አሏቸው።

የሐኪሞቹ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ቂጥኝ ሳይታከም ሲቀር ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ለማየት ነበር። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ታወቀ። ለእነዚህ ሰዎች ግን አልሰጧቸውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እዚያ ግን በሽታውን ከበሽተኛው የደበቀው ሐኪሙ ነው!

ነገሩ 40 ዓመት ቆየ። በ1972 በጋዜጣ ወጣና ቆመ። በ1974 በሰው ላይ የሚደረገውን ምርምር የሚመለከት ሕግ ወጣ። በ1997 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ።

እንግዲህ ገበሬዎቹ «እሺ» ብለው ነበር። ግን እውነቱ አልተነገራቸውም። ሳያውቁ የሰጡት ፈቃድ ፈቃድ አይባልም።

በእኛም አገር ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ይህን ይላል። ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ ምርመራን ወይም ሕክምናን አልቀበልም ለማለት ይችላል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ የታዘዘ ምርመራና ክትባት ግን ከዚህ ውጭ ነው።

ይህ ማለት ሕክምናን ፍሩ ማለት አይደለም። ሕክምና ያድናል። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦

1. በሽታዬ ምንድን ነው?
2. ምን ልታደርጉልኝ ነው? ጥቅሙስ?
3. ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል?
4. ሌላ መንገድ አለ ወይ?
5. ብተወውስ ምን እሆናለሁ?

መልሱ ካልገባችሁ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» በሉ። መጠየቅ እኮ ሐኪምን መድፈር አይደለም። ገላው የእናንተ ነው። ወረቀቱንም ራሳችሁ አንብቡት። ቃሉ ከከበዳችሁ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። ከዚያ በኋላ ፈርሙ።

ለመልመጃ፦ እነዚህን ቃላት አንብቡና በደብተራችሁ ጻፉ።
ፈቃድ። ስምምነት። ፊርማ። ምርመራ። ጉዳት። ጥቅም።

ጥያቄ፦ የተስኪጊ ገበሬዎች «እሺ» ያሉት ምን ተነግሯቸው ነው? ያልተነገራቸውስ ምንድን ነው? በቡድን ተወያዩበት።