ክሎሮፕላስትን ማን ይከፍለዋል?

ክሎሮፕላስት ከባዶ አይሠራም። አንድ የእፅዋት ሴል ያሉትን ሁሉ ቢያጣ አዲስ ማበጀት አይችልም። እያንዳንዱ ክሎሮፕላስት ከእሱ በፊት ከነበረ ክሎሮፕላስት፣ ወይም ገና አረንጓዴ ካልሆነ ታናሹ፣ ተከፍሎ የወጣ ነው። ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚህ ሐቅ አብልጬ የወደድኩት የለም፤ ከዚህ አብልጦ ሲዘለል ያየሁትም የለም። ተማሪዎቻችን አንድ አረንጓዴ ሞላላ ይስላሉ፣ ከሥሩ “የምግብ ማዘጋጃ” ብለው ይጽፋሉ፣ ያልፋሉ። በአንድ ሴል ውስጥ ለምን ብዙ እንደሆነና ብዛቱን ማን እንደሚወስን የሚጠይቃቸው የለም። ይህ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ።

ታሪኩ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል። በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ሳይኖባክቴሪያ በሌላ ትልቅ ሴል ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ የዛሬዎቹ ክሎሮፕላስቶች የእሱ ዘሮች ናቸው። ባክቴሪያ ለሁለት ሲከፈል ኤፍቲኤስዜድ የተባለ ፕሮቲን በወገቡ ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1995 ካትሪን ኦስተርያንግና ኤልዛቤት ቪየርሊንግ የዚህኑ ፕሮቲን ዘመድ አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ውስጥ ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ። በ1998 ደግሞ በጀርመን፣ ፍራይቡርግ፣ የራልፍ ሬስኪ ቡድን ይህን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረመል ከአንድ የሞስ ዝርያ ላይ ቢያጠፋው፣ በየሴሉ አንድ ግዙፍ ክሎሮፕላስት ብቻ ቀረ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ዘረመሉ የሚገኝበት ቦታ ነው። ክሎሮፕላስት የራሱ ጥቂት ዲኤንኤ አለው፤ የእፅዋቱ የኤፍቲኤስዜድ ዘረመል ግን ወደ ሴሉ ኒውክለስ ተዛውሯል። ፕሮቲኑ ውጭ ተሠርቶ ወደ ክሎሮፕላስቱ ይገባል። እንግዲህ የጥንቱ ባክቴሪያ መክፈያ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቁልፉን ግን ለተቀበለው ሴል አስረክቧል።

አሠራሩን ትንሽ ላብራራው፤ ውበቱ እዚያ ነውና። ክሎሮፕላስት በሁለት ሽፋን የተከበበ ነው። አርክ 6 የተባለ ፕሮቲን በውስጠኛው ሽፋን ላይ ተተክሎ የኤፍቲኤስዜድን ክሮች ከሽፋኑ ጋር ያያይዛል። ክሮቹ መሃል ላይ እንጂ ሌላ ቦታ ቀለበት እንዳይሠሩ የሚጠብቁ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ ከእነሱም መካከል ሚንዲና ሚንኢ ከባክቴሪያው የተወረሱ ናቸው። አርክ 6 በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ባለው ክፍተት በኩል እጁን ሰድዶ በውጪው ሽፋን ላይ ያለውን ፒዲቪ 2 ይጨብጣል። ፒዲቪ 2 እና ጓደኛው ፒዲቪ 1 በበኩላቸው አርክ 5 ን ከውጭ ይጠሩታል። ይህ አርክ 5 በ2003 የተለየ ሲሆን ዳይናሚን ከተባሉት ፕሮቲኖች ወገን ነው፤ ከባክቴሪያው የመጣ ሳይሆን የተቀባዩ ሴል የራሱ ንብረት ነው። በውጪ በኩል ቀለበት ሆኖ ይሰለፍና ከውስጠኛው ቀለበት ጋር ተባብሮ፣ የከረጢት አፍ በማሰሪያው እንደሚሸበብ፣ ክሎሮፕላስቱን ወገቡ ላይ አጥብቦ ይቆርጠዋል።

ፍጥነቱን የሚቆጣጠሩት እነዚያ ሁለቱ ፒዲቪዎች ናቸው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2009 እንዳሳዩት፣ ፒዲቪ ሲበዛ ክሎሮፕላስቶች በቁጥር በዝተው በመጠን ያንሳሉ፤ ሲቀንስ ጥቂትና ትልልቅ ይሆናሉ። ሳይቶካይኒን የተባለው የእፅዋት ሆርሞን የፒዲቪዎቹን ብዛት ከፍ ያደርጋል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ “ታዲያ ቢከፈል ባይከፈል ምን ለውጥ ያመጣል?” ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ኬቨን ፓይክና ሬቸል ሊች በ1990ዎቹ መጀመሪያ የለዩአቸው የአራቢዶፕሲስ ዝርያዎች ለጠያቂዎቹ ያግዛሉ፤ ጤነኛው የቅጠል ሴል 100 ያህል ክሎሮፕላስት ሲኖረው፣ አርክ 6 የጎደለው አንድ ወይም ሁለት ግዙፎች ብቻ አሉት፤ ተክሉ ግን ያድጋል፣ ዘርም ይሰጣል። ሆኖም ክሎሮፕላስት ባለበት የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ብርሃን ሲደክም ፊት ለፊት ይሰለፋል፤ የቀትር ፀሐይ ሲበረታ ወደ ሴሉ ጎን ሸሽቶ ከጉዳት ይድናል። ትናንሾቹ ይህን በቀላሉ ያደርጉታል፤ ግዙፉ መንቀሳቀስ ይከብደዋል።

ሁለተኛው መልሴ ከማዕዳችን ነው። በእህል ፍሬና በሥራሥር ውስጥ ስታርች የሚከማችበት አሚሎፕላስት የክሎሮፕላስት ወንድም ነው፤ መከፈሉም በእነዚሁ ፕሮቲኖች ላይ የተመረኮዘ ነው። በ2006 የታተመ ጥናት በድንች ውስጥ ኤፍቲኤስዜድን በማብዛት ትልልቅ የስታርች ቅንጣቶች ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። በ2023 ደግሞ የአርክ 6 ዘመድ የሆነ ፕሮቲን የጎደለው ስንዴ አሚሎፕላስቱ ሲገዝፍ የስታርች ቅንጣቱም መጠን ተለወጠ። የቅንጣት መጠን ዱቄቱ ውሃ የሚይዝበትንና የሚበስልበትን ሁኔታ ይነካል። የጤፍ ስታርች ቅንጣቶች ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ብቻ የሆኑ፣ በአንድ አሚሎፕላስት ውስጥ ብዙ ሆነው የታጨቁ ደቃቆች ናቸው። ከእንሰት የሚወጣው ቡላም ከሞላ ጎደል ስታርች ነው። የእነዚህን ሁለት ሰብሎች አሚሎፕላስት አከፋፈል ከማንም በፊት ማጥናት ያለብን እኛ ነን፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሁለተኛ ዲግሪ ርዕስ የሚፈልጉ ወጣቶች ይህን አጥብቀው እንዲይዙት እመክራለሁ።

ትምህርት ቤቶችም ዛሬውኑ መጀመር ይችላሉ። ማይክሮስኮፕ ባለበት ሁሉ የምናሳየው የሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ግድግዳውንና ኒውክለሱን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ክሎሮፕላስት ግን የለውም። በክረምት በድንጋይ አጥር ላይ የሚለጠፈው ለስላሳው አረንጓዴ ሞስ ግን ቅጠሉ በአብዛኛው የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ስላለው መቁረጥ እንኳ ሳያስፈልግ በውሃ ጠብታ ውስጥ ይታያል። በጥንቃቄ ለሚፈልግ ሰው ወገባቸው የተጨበጠ፣ በመከፈል ላይ ያሉ ክሎሮፕላስቶች በውስጡ ይገኛሉ። መምህራን ሆይ፣ ክረምቱ ሳያልፍ ከአጥሩ ላይ ትንሽ ቆንጥራችሁ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩአቸው፤ “ማነው የሚከፍለው?” ብለው ሲጠይቋችሁም የፕሮቲኖቹን ስም ከነሥራቸው ንገሯቸው።